ራሴን እንድስት የተመደብኩበት ቀን

ስታንዳርድ የሚባለውን ነገር የሚጽፉት ሰዎች ሹራብ የለበሱ ይመስለኛል። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ ግን የጻፉትን ባነበብኩ ቁጥር ሹራባቸው ይታየኛል። አሁን ለምሳሌ፣ አንድ የነርሲንግ ማሠልጠኛ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ሲደነግጉ፣ በመለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ያለ አልጋ ሁሉ ሁለት ሁለት ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ይኑረው ብለው ቁጭ። ሁለት! ያውም ወፍራም! ያውም የሱፍ! እስቲ በሚያዝያ እኩለ ቀን ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ይውረዱና ይህንኑ ይድገሙልኝ። እዚህ እኮ እንኳን ብርድ ልብስ የገዛ ቆዳችን ይከብደናል። ሮቢት ውስጥ በቀን ብርድ ልብስ ለብሶ የተገኘ ሰው ወይ ወባ ጥሎታል፣ ወይ ነፍሱ ልትወጣ ነው፤ ሌላ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ስላልኩ ስታንዳርድ ጠላ እንዳትሉኝ። ኧረ በፍጹም! እንጀራዬ እኮ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚሁ ሮቢት ባለች አንዲት የግል ኮሌጅ መሠረታዊ የነርሲንግ ክህሎት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ዳር በከፈትኳት ትንሽ ክሊኒክ መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ። እጅሽን ሳትታጠቢ በሽተኛ አትንኪ የሚለው ስታንዳርድ ነው። መርፌ ከመውጋትህ በፊት የምትወጋው መቀመጫ የማን እንደሆነ አረጋግጥ የሚለውም ስታንዳርድ ነው፤ እሱ ባይኖር ስንቱ አስታማሚ በበሽተኛው ፋንታ ተወግቶ ይመለስ ነበር! ከተማው ደግሞ "ዶክተር ሁሴን" ነው የሚለኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ ባልኩ ቁጥር "አይ ትሕትና!" እያሉ ሲያመሰግኑኝ ጊዜ ተውኩት።

እናም አንድ ቀን የኮሌጁ ዲን አቶ ግርማ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ሮቢት ውስጥ ማላብ ወሬ አይደለም፤ የእሱ ግን ቀዝቃዛ ላብ ነበር። ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው አለኝ። ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ገምጋሚዎቹ ክፍሉን፣ መጻሕፍቱን፣ መምህራኑን አይተው ሲያበቁ፣ ከተመራቂዎቹ አንዷን በዕጣ ያወጡና ካሪኩለሙ ውስጥ ካሉት ሥራዎች አንዱን ፊታቸው ያሠሯታል። በመመዘኛው ላይ ኮከብ የተደረገባቸው ነጥቦች አሉ። ኮከብ ያለበትን የሳተች ልጅ ሌላውን ሁሉ አሳምራ ብትሠራ እንኳ ወድቃለች። እሷ ከወደቀች የኮሌጁ ፈቃድ አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰ ተመራቂ የሚባል የለም፤ ልጆቹ ደጋ ወጥተው ሌላ ኮሌጅ ፈልገው ዓመቱን እንደገና መጀመር ነው። ለአብዛኞቹ ይህ ማለት በቃ ነርስነቱ ቀረ ማለት ነው።

ብርድ ልብሱ መላ ተገኘለት። ከተማውን ብናስስ ብናስስ ስናጣ፣ ደጋው ላይ ጣርማ በር አጠገብ የሚኖሩት የአቶ ግርማ አማት ቢያንስ ለአንድ አልጋ የሚሆን ጥንድ ብርድ ልብስ በአይሱዙ እልካለሁ አሉ። ሳታሳድሩ መልሱልኝ የሚል ጥብቅ ማስጠንቀቂያም ነበረው። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ያለ ብርድ ልብስ ማን ያድራል?

መላ የጠፋው ለአሻንጉሊቱ ነው። የነርሲንግ ተማሪ ሰው ከመንካቷ በፊት የሰው ቁመት ባለው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ትለማመዳለች። የእኛው በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ስናወጣው አንገቱ በሙቀት ለስልሶ ራሱ ደረቱ ላይ ተደፍቷል። ቀና ስናደርገው ቀና ይላል፤ ስንለቀው ይደፋል። አቶ ግርማ በፕላስተር ጠመጠመው፤ ፕላስተሩም በሙቀቱ ለቀቀ። 

የገምጋሚዎቹ አለቃ ሲስተር ምሕረት የሚባሉ፣ ፊታቸው በቀላሉ የማይፈታ ሴትዮ ናቸው። ጠዋት መጥተው አሻንጉሊቱን አዩት፤ እሱም አቀርቅሮ ጠበቃቸው። አቶ ግርማ በሰው ይሠራልን ብሎ ለመነ። እሳቸው መስፈርቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ ይቻላል፣ በሽተኛ የሚሆነው ሰው ግን ሥልጠና ያለው መሆን አለበት አሉ። ሥልጠና ያለው በሽተኛ! ከመላው ግቢ ለዚህ ማዕረግ የበቃሁት እኔ ብቻ ሆንኩ። ሴትዮዋ ግን የዋህ አይደሉም፤ አስተማሪ ለተማሪው እንደሚያዳላ ያውቁታል። ስለዚህ ራሱን የሳተ በሽተኛ ይሆናሉ ብለው ፈረዱብኝ። ዓይን አይገለጥም፣ አፍ አይከፈትም፣ ጣት አትነቃነቅም። ለልጅቷ ቅንጣት ምልክት ከሰጡ ፈተናው ይሰረዛል፣ ኮሌጁም እንደወደቀ ይቆጠራል አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። መተኛት ምን ይከብዳል? ለባለቤቴ ለዘይነባ ደውዬ ዛሬ ለሥራ ራሴን ልስት ነው አልኳት፤ ምሳ ትበላለህ ወይስ አትበላም ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ዕጣ ወጣ። ለሉባባ! ያን ጊዜ እንኳ የምሬን ራሴን ልስት ምንም አልቀረኝም። ሉባባ ከጀውሃ በሚኒባስ እየተመላለሰች የምትማር የልጆች እናት ናት። በእውቀት ክፍሉ ውስጥ የሚያክላት የለም፤ እጇም ቀላል ነው፣ ስትወጋ አይሰማም። ድምፅዋ ግን ከራሷ ሻርፕ አልፎ አያውቅም። ጥያቄ ስትመልስ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ናት ጮክ ብላ የምትደግምልን። ትልቅ ሰው ፊት ከሆነችማ ጭራሽ ምላሷ ይተሳሰራል። የባሏ ቤተሰቦች ደግሞ ዘንድሮ ካልጨረሰች በቃ ቤቷ ትቀመጥ ብለው ቁርጥ አድርገዋል። ይህን ስትነግረኝ እንባዋ ይወርድ ነበር።

የደረሳት ሥራ ራሱን የሳተ በሽተኛን ገላና አፍ ማጽዳት ነው፤ ኮከብ ያለባቸው ነጥቦቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጠያቂዎችን በትሕትና ከክፍሉ ማስወጣት ነው። ሁለተኛው በበሽተኛው አፍ ምንም ነገር እንዳይገባ መከላከል፤ ራሱን የሳተ ሰው መዋጥ ስለማይችል የሰጡት ነገር ሳንባው ገብቶ ያፍነዋል። ተጽናናሁ። ጠያቂ ከየት ይመጣል? ባዶውን ክፍል እባካችሁ ውጡ ብላ በሹክሹክታም ብትናገር ታልፈዋለች አልኩ በልቤ።

ተኛሁ። ፈተናው ገና ሳይጀመር ብርድ ልብሱ ደረሰ፤ እሱም አንዱ ብቻ። ባጃጅ ነጂው ከድር ከመናኸሪያ ሲያመጣ ሌላውን ከኋላ ወንበር ረስቶታል። አንዱን እስከ አገጬ አለበሱኝ። የጣርማ በር ብርድ ልብስ በሮቢት እኩለ ቀን! ላቤ ከግንባሬ ወደ ጆሮዬ ይወርድ ጀመር፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ላቡን አይጠርግም። ትንሽ ቆይቶ ከድር የረሳውን ይዞ ተመለሰና በመስኮት አንገቱን አስገባ። ዶክተር ሁሴን በጀርባው ተዘርሯል፣ ዓይኑ ተከድኗል፣ ፊቱ በላብ ርሷል፣ ብርድ ልብስ ለብሷል። ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች ከበውታል። ይባስ ብለው ሁለተኛውን ብርድ ልብስ ከእጁ ተቀብለው ከላይ ደረቡለት። እስቲ በእሱ ቦታ ሆናችሁ ፍረዱ፤ ሮቢት ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ከሆነ ምን ትላላችሁ? "ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ሲል ሰማሁት፤ ቀጥሎ የባጃጁ ሞተር ተነሳ።

የከድር ባጃጅ ፈጣን ናት፣ ወሬው ግን ይቀድማታል። ኋላ እንደሰማሁት፣ ገበያ ሲደርስ ዶክተር ሁሴን ወድቋል አለ፤ መስጊዱ ጋ ሲደርስ አይናገርም አለ፤ መናኸሪያው ጋ ሲደርስ እሱን ተዉት አለ። ቤቴ የሮጡም ነበሩ። ዘይነባ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ኧረ እሱ ደህና ነው፣ እንዲያው ለፈተና ብሎ ነው የተኛው አለቻቸው። ሴቶቹ ተያዩ። ምስኪን፣ ድንጋጤው ናላዋን አዞረው ብለው ቢላዋውን ከእጇ ቀስ ብለው ወስደው አጠገቧ ተቀመጡ።

የቀሩት ወደ እኔ መጡ። በእኛ አገር የታመመ አይጠየቅም የሚል ካለ እሱ የእኛ አገር ሰው አይደለም። መጠየቅ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ምሕረቱን ያምጣው ብሎ መሄድ አይደለም። ገብተህ፣ እጁን ይዘህ፣ ግንባሩን ዳስሰህ፣ አጠገቡ ተቀምጠህ፣ አንተም አንድ ጊዜ እንዴት ታመህ እንደነበር ተርከህ ነው። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ቢሞክር እሱንም ይዘውት ገቡ። ማንጎ ያመጣ አለ፣ ሙዝ ያመጣ አለ፤ አንዱ ሐብሐብ እግሬ ሥር ሲያስቀምጥ አልጋው ዘመመ። አቶ ግርማ በለሆሳስ ፈተና ላይ ነን ቢላቸው የሚሰማው ጠፋ። ሲስተር ምሕረት ግን አስቆሙት፤ እውነተኛ ሆስፒታልም ቢሆን ጠያቂ አይቀርም፣ ይግቡ፣ የልጅቷን ሥራ እንይ አሉ። እኔ ከተደረበብኝ ሱፍ ሥር ሆኜ ወይ ሉባባ አልኩ።

ሉባባ እባካችሁ ውጡ አለች። እኔ ራስጌዬ ቆማ ስለነበር ሰማኋት፤ ከእኔ ወዲያ የሰማት የለም። ደግማ አለች። አንዷ ሴትዮ አይዞሽ ልጄ፣ የቅርብ ዘመዱ ነሽ እንዴ ብላ አቀፈቻት።

እኔም ጆሮዬን ጥዬ ስለራሴ መስማት ጀመርኩ። መጀመሪያ ምስጋናው መጣ፤ ደግ ሰው ነበር፣ በሌሊት ቢቀሰቅሱት አይቆጣም ነበር፣ እያሉ ነበር በነበር አደረጉኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? በቁሙ ይህን የሚሰማ ስንት ሰው አለ?  ምስጋናው ሲያልቅ ግን ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥምና ሌላ ሌላው ቀጠለ። እጁ ግን ይከብድ ነበር አለ አንዱ፤ እኔን የወጋኝ ጊዜ ሳምንት አነከስኩ። ሌላው ተቀብሎ፣ እኔንማ በስህተት አጥንቴን ሳይነካኝ አልቀረም አለ። በየአቅጣጫው የኔንም፣ የኔንም ሆነ። አንዲት ሴት፣ እሱ ከወጋ በኋላ ነው አመመሽ ወይ የሚለው ብላ እንደ እኔ አድርጋ ድምፄን አወጣችውና፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል ይሰማኝ ነበር። እኔ እኮ የመርፌ አወጋግ መምህር ነኝ! ተነስቼ ስታንዳርዱን ላስረዳቸው አፌን በላኝ፤ ግን ጣት አትነቃነቅም ተብሏል።

ከዚያ ሐጂ ዑመር፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ዱዓ እናድርግ አሉ።  ሐጂ ከልባቸው ነው የለመኑልኝ። ያ ረቢ አፊያውን መልስለት፣ ለልጆቹ አቆይልን ሲሉ ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል። ለራሴ ጤና ዱዓ ሲደረግ እኔ ብቻ ነኝ አሚን ያላልኩት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዱዓ ሰምቼ አሚን ሳልል ቀርቼ አላውቅም፤ ከንፈሬ በራሱ ሊሄድ ሲል በጥርሴ ከውስጥ ነክሼ ያዝኩት። በልቤ ግን አልኩ። ያንንማ ሲስተር ምሕረትም አይሰርዙብኝም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሉባባ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋለች። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ አድርጊ! እያልኩ በውስጤ እጮሃለሁ። ትልልቅ ሰዎችን፣ ያውም ሐጂ ዑመርን፣ ውጡ ማለት ለእሷ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ብሆን አልልም ነበር። ሲስተር ምሕረት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሊያበቃ ነው ማለት ነው። ሙሉው የተመራቂ ክፍል በረንዳው ላይ ትንፋሹን ይዞ ቆሟል። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

በዚህ መሃል እትዬ ፋጡማ ደረሱ። እትዬ ፋጡማ ጎረቤቴ ናቸው፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ፣ አንድ ነገር ካሰቡ አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና የሚያስቆሙ ሴት። ሰዉን በክርናቸው እየከፈሉ አልጋው ጋ ደረሱና፣ ይሄማ ጉልበት አጥቶ ነው፣ በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ሲያገኝ ይነሳል አሉ። የማንኪያ ድምፅ ሰማሁ። በጣታቸው አገጬን ያዙ። አፌን ልዝጋ እንዳልል ምልክት ይሆናል፤ ልክፈት እንዳልል ያው ነው። የማሩ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ደረሰ።

"በአፉ ምንም አይገባም!"

ወገኖቼ፣ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ሲስተር ምሕረት መሰሉኝ። ማንኪያው ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ሲንከባለል ብቻ ነው የሰማሁት። ያው ድምፅ ቀጠለ። ራሱን የሳተ ሰው አይውጥም፣ ታፍኖ ይሞታል፣ ማን ሊገድለው ነው የመጣው? ሁላችሁም ውጡ! አለ። ሉባባ ነበረች! ዱሮ ከሻርፕ የማያልፈው ድምፅ አሁን ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ቀጥሎ መመዘኛው በትሕትና እንደሚል ትዝ አላት መሰለኝ፣ በዚያው ድምፅ "እባካችሁ!" ብላ ጨመረችበት። ሰው ተንጋጋ። ሐጂ ዑመር ዱዓቸውን በረንዳ ላይ ጨረሱት። እትዬ ፋጡማ አንቺ ልጅ ማን ሆነሽ ነው እያሉ ወጡ። አቶ ግርማ እኔ ዲን ነኝ ቢል፣ ሉባባ በሽተኛው ልብሱ ሊገለጥ ነው ብላ ገፋችው። ሲስተር ምሕረት ደግሞ ልጄ፣ እኔ ገምጋሚ ነኝ አሏት። በዚህች አልጋ ዙሪያ ከነርሷ በቀር ሁሉም ጠያቂ ነው፣ መስኮቱ አለልዎት አለቻቸውና በሩን ዘጋች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ውኃ ስትቀዳ ሰማሁ። ራሱን የሳተ ሰው ጆሮው ይሰማልና የምትሠሩትን ሁሉ ንገሩት ብዬ አስተምሬያቸው ነበር፤ እሷም ወደ ቀድሞ ድምፅዋ ተመልሳ ነገረችኝ። ጋሼ፣ አሁን በጎንዎ አዞርዎታለሁ አለች። ጋሼ፣ አሁን አፍዎን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግልዎታለሁ አለች። በቀስታ አዞረችኝ፣ ትራሱን አስተካከለች፣ ላቤን ጠረገችልኝ። በኋላ ጎንበስ ብላ፣ ጋሼ፣ እጅዎ ከባድ ነው ያሉትን አይስሙ፣ የሕዝብ ወሬ ነው አለችኝ። ይህ መመዘኛው ላይ የለም። እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ሰዓቱ አበቃ ተባለ። ሲስተር ምሕረት በመስኮቱ ሁሉንም አይተዋል፤ ሲገቡ ፊታቸው ተፈቷል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከክፍል ያስወጣኝ ሰው የለም አሉና ሉባባን ሳሟት። ኮከቦቹ ሁለቱም ተገኝተዋል። ፈቃዱ ይታደሳል፣ ልጆቹ ይመረቃሉ። ሉባባ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ክፍሉ ውስጥ ዓይኑ ያልረጠበ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያለኝን ውኃ ሁሉ ብርድ ልብሱ ጠጥቶታልና።

በሩን ከፍቼ በእግሬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ተሰብስቦ መርዶ የሚጠብቀው ሕዝብ ሲያየኝ በአንድ አፍ አላሁ አክበር አለ። ነገሩን ልብ በሉልኝ። ራሱን ስቶ የተኛ ሰው ጥለው ወጥተዋል። አንዲት ነርስ ብቻዋን በሩን ዘግታ ቀርታለች። ከአፍታ በኋላ ሰውየው በሁለት እግሩ እየሄደ ነው። እኔማ አስረዳሁ። ፈተና ነው፣ ምንም አላመመኝም አልኩ። ሐጂ ዑመር ትከሻዬን ይዘው፣ ልክ ነህ ልጄ፣ የአላህ ፈተና ነው፣ አለፍከው አሉኝ። በማግስቱ ገበያ ላይ ደገምኩላቸው፤ ሲያገግም እንዲህ መለፍለፍ ያለ ነው ብለው ሐብሐብ ገዝተው ሰጡኝ።

ሉባባ ተመረቀች፣ ጀውሃ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። የባሏ ቤተሰቦች አሁን የእኛ ልጅ ነው የሚሏት። ጥሩ፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ከሰዓት በኋላ ክሊኒኬ በር ላይ ተቀምጬ ሚኒባስ እቆጥር ጀመር፤ የሮቢት በሽተኛ በሙሉ ወደ ጀውሃ ይሳፈራል። ዝምብ ካልሆነ ደጄን የሚረግጥ ጠፋ።

ባለፈው እትዬ ፋጡማ ጉልበታቸውን ይዘው እያነከሱ በደጄ ሲያልፉ አየኋቸው። አላስቻለኝም፤ ሮጬ ያዝኳቸው። እትዬ፣ እዚህ ጎረቤትዎ እያለሁ ምነው በዚህ ፀሐይ ጀውሃ ድረስ? ያቺን ልጅ ያስተማርኳት እኮ እኔ ነኝ አልኳቸው። እሳቸውም ቆም ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ በሐዘኔታ አዩኝ። አይ ሁሴኔ፣ እሷ ባትደርስልህ ዛሬ አፈር ነበርክ፣ አዳኟ ሳለች ታማሚው ጋ ምን ልሠራ እመጣለሁ አሉኝና ሚኒባሱ ላይ ወጡ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ግን አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ ሰላምታህን አደርስልሃለሁ፣ አንተ ብቻ መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ አሉኝ።